መደብ ውስጥ የተቀበረው ወፍጮ

ጎታዬ በገብስ ጢም ብሎ ሞልቶ ለአራስ ልጄ የምትሆን አንዲት እፍኝ ዱቄት አጣሁ። ይህን ያደረገኝ ድርቅ አይደለም፣ አንበጣም አይደለም። ጦርነቱ እንኳ ያደረገው ግማሹን ብቻ ነው። ቀሪውን ያደረገው ባሌ ጓንጉል ነው፤ እስከ ዛሬ ስሙን ስጠራ ቆሽቴ ያራል።

መጀመሪያ ወፍጮ ቤቱ ቆመ። መንገዱ ከተዘጋ ወዲህ ናፍጣ ሰቆጣ መግባቱ ቀረ፤ እኛ ዘንድ ደሃና ወረዳ ደግሞ ሽታውም አልደረሰ። ባለ ወፍጮው ምስጋናው ሞተሩን በጆንያ ሸፍኖ በሩ ላይ ተቀምጦ ጥርሱን ይፍቅ ጀመር። ገብስ ተሸክመን የሄድነውን ሴቶች ሁሉ እጁን እያወዛወዘ መለሰን። እኛም ቆሎ ቆላን፣ ንፍሮ ቀቀልን። ጥርስ ያለው ሰው በቆሎና በንፍሮ ይከርማል። አራስ ግን በንፍሮ አትጠገንም። ልጄ ዓይናዲስ ደግሞ የበኩር ልጇን ልትወልድ እኔ ዘንድ መጥታ ነበር፤ ቀኗ ደርሷል።

በእኛ አገር ሴት ስትወልድ ገንፎ ይገነፋል። ከእናቴ እናት በፊት ጀምሮ እንዲያ ነው። ጎረቤት ሴቶች ተሰብስበው፣ ማርያምን አመስግነው፣ ከአንድ ገበታ ካልበሉላት የወለደች አይመስላትም። ገንፎ ደግሞ የላመ ዱቄት ይፈልጋል። በሙቀጫ ሞከርኩት፤ ለቅንጬ የሚሆን ስብርባሪ እንጂ ዱቄት አልወጣውም። የሚያስፈልገኝ የድንጋይ ወፍጮ ነበር።

የድንጋይ ወፍጮማ ነበረኝ። እናቴ ከእናቷ፣ እኔም ከእናቴ ወርሼው፣ ስዳር በአህያ ተጭኖ አብሮኝ የመጣ ጥቁር ድንጋይ። እውነቱን ልናገርና ወፍጮ የሚወድ የለም። የእናቴን ጉልበት የበላ እሱ ነው፤ የእኔንም ጀማምሮት ነበር። ሞተሩ የመጣ ቀን እልል ካሉት አንዷ እኔ ነኝ። ግን ሞተር መጣ ተብሎ ወፍጮ አይጣልም፤ ጫማ ገዛሁ ብሎ እግሩን የሚቆርጥ አለ?

ጓንጉል ቤታችንን በቆርቆሮ የሠራ ጊዜ ደጃፉ ላይ መደብ ሠራ፤ እንግዳ የሚያስቀምጥበት፣ እሱም የሚጎለትበት። ድንጋይ አነሰኝ አለና ወፍጮዬን ተሸክሞ ወጥቶ መደቡ መሐል አስገብቶ በጭቃ መረገበት። እታች ወንዙ ድንጋይ ሞልቶታል፤ ወርዶ መሸከሙን ጠልቶ ነው። ጮህኩ። ጓንጉል ደግሞ ምላሱ ጤፍ ይቆላል፤ በሞተር ዘመን ወፍጮ ታቅፈሽ ልትኖሪ ነው ወይ ብሎ ጎረቤቱን ሁሉ አሳቀብኝ። የነፍስ አባታችን አባ ወልደ ኢየሱስም መጥተው ለድንጋይ ብለሽ ከባልሽ አትጣዪ ብለው ገሠጹኝ፤ ገሥጸውኝም እዚያው መደብ ላይ ተቀመጡ። ከእሱ አይተው ሌሎቹም ባሎች ወፍጮ እየሰበሩ ለመሠረት አደረጉት። ጎረቤቴ ጸሐይነሽ የእሷ ሲከሰከስ አልቅሳለች። እኔ መጁን፣ በእጅ የሚገፋውን ትንሹን ድንጋይ፣ አልጋ ሥር ደበቅኩት።

እንግዲህ ሞተሩ ሲቆም በመንደሩ ሳይሰበር የቀረ ወፍጮ ያ የተቀበረው ብቻ ነበር። አውጣልኝ አልኩት። መደቡ ይናዳል አለኝ። ልጅህ ልትወልድ ነው አልኩት። ናፍጣ ሊገባ ነው፣ ከሰቆጣ የመጣ ሰው ነግሮኛል አለኝ። በማግስቱም ያንኑ፣ በሳምንቱም ያንኑ። ናፍጣውን እንደ ምጽአት ይጠብቀዋል። ይህን ሁሉ የሚለኝ ደግሞ ወፍጮዬ ላይ ተቀምጦ ነው።

ዓይናዲስ በጠዋት ወለደች፤ ሴት ልጅ። እልል ተባለ። ጸሐይነሽና ሌሎቹ ሴቶች እንኳን ማርያም ማረችሽ እያሉ ገቡ፣ ዙሪያዋን ተቀመጡ። እጃቸውን የሚሰዱበት ገበታ የለም። ንፍሮ አቀረብኩ፤ ማንም አልነካውም። ዓይናዲስ ወደ እኔ ዞረች።

«እማዬ፣ ገንፎ የለም?» አለችኝ።

ያን ጊዜ ደሜ ፈላ። ከጥግ ዶማ አንስቼ ወጣሁ።

ጓንጉል ከአባ ወልደ ኢየሱስ ጋር መደቡ ላይ ተቀምጦ እንኳን ደስ ያለህ ይቀበላል። አያት ሆኛለሁ ብሎ ጋቢውን አሳምሮ ተከናንቧል።

«አባ፣ ይነሡልኝ» አልኩ።

ዶማውን አይተው ተነሡ፤ መቋሚያቸውን ይዘው ፈቀቅ አሉ። ጓንጉል አልተነሣም። ሰው ፊት አታዋርጂኝ አለኝ በለሆሳስ። በኽምጠኛ፣ በእናቴ ቋንቋ፣ መለስኩለት፤ በጣም ስናደድ አማርኛው አይበቃኝም፤ ያልኩትንም እዚህ አልደግመውም። ከዚያ ዶማውን ከጎኑ መደቡ ላይ አሳረፍኩት። ጭቃው ሲፈናጠርበት ተነሣ።

ሴቶቹም ወጡ። ተዪ ያለኝ የለም፤ ጸሐይነሽ እንዲያውም የተናደውን ድንጋይ ታነሣልኝ ጀመር። ወፍጮው ወጣ፤ ጭቃ ለብሷል፣ ግን ደህና ነው። አጠብኩት። ፊቱ ልሞ ስለነበር በጠንካራ ድንጋይ ወቀርኩት፤ ወፍጮ ካልተወቀረ አይፈጭም።

አባ ወልደ ኢየሱስ ጎንበስ ብለው አዩት። ከዚያ ምን ቢሉ ጥሩ ነው? ጓንጉል አርቆ አሳቢ ነው አሉ፤ እንደ ሌላው ሰብሮት ቢሆን ዛሬ ምን ይዋጥ ነበር አሉ። ባሌ ጋቢውን አስተካከለ።

«እኔማ ለክፉ ቀን ብዬ ነው ያስቀመጥኩት» አለ።

መደቡን ሳፈርስ የነበረኝ ንዴት ለካ ጨዋታ ነበር። ገባሁና ሸክሽኬ አመስ አድርጌ ያስቀመጥኩትን ገብስ በሰፌድ፣ መጁንም ከአልጋ ሥር ይዤ ወጣሁ። መጁን እጁ ላይ አኖርኩት።

«ካስቀመጥከው ፍጨው።»

ሳቀ። አብሮት የሳቀ የለም። አባ ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ ልጄ፣ ወንድ ወፍጮ ላይ አይንበረከክም፣ ነውር ነው፣ ከአባቶቻችን አላየንም አሉ።

«ምስጋናው ይህን ሁሉ ዘመን ሲፈጭልን ወንድ አልነበረም እንዴ አባ?» አልኳቸው። «ሞተር ሲሆን የወንድ፣ ድንጋይ ሲሆን የሴት?»

ጸሐይነሽ በነጠላዋ አፏን ሸፈነች። ጓንጉል ወደ በሩ አየ፤ ከውስጥ ሕፃኗ ታለቅሳለች። ጋቢውን አውልቆ ተንበረከከ።

ዕድሜ ልኩን የተፈጨ ሲበላ እንዴት እንደሚፈጭ አንድ ቀን ዞሮ አላየም። መጁን ሲገፋ ገብሱ ይበተንበታል፤ ሲስብ ድንጋዩ ጣቱን ይልጠዋል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ እሱም አፈሰሰ፣ ለቀመ። ላቡ አፍንጫው ጫፍ ላይ ሲንጠለጠል ዱቄቱ ውስጥ እንዳይወድቅ ጥረገው አልኩት። ውሃ ለመነኝ፤ ስትጨርስ አልኩት። ሰው ባሌን እያየ ያዝን ነበር፤ እኔ አላዘንኩለትም።

የፈጨውን ነፋሁት፤ ወንፊቱን ያለፈው መዳፍ አይሞላም። የቀረውን እኔና ጸሐይነሽ እየተቀባበልን ፈጨነው። ገንፎው ተገነፋ፣ መሐሉ ላይ ቅቤ ፈሰሰበት። ዓይናዲስ የመጀመሪያውን ጉርሻ ስትውጥ ዓይኗን ጨፈነች። ሴቶቹ ከጠዋቱ አብልጠው እልል አሉ። ጓንጉል ውጭ ሆኖ የተላጠ ጣቱን እያሸ ሰማው።

ናፍጣው የገባው ሕፃኗ ክርስትና ከተነሣች በኋላ ነው። ምስጋናው ሞተሩን አስነሣ፤ እኔም ገብሴን ተሸክሜ ሄድኩ፣ ሞኝ አይደለሁም። ስመለስ ጓንጉል ጭቃ አቡክቶ መደቡን ሊሠራ ተዘጋጅቷል። ድንጋዩን ደርድሮ መሐሉን ክፍት ትቶታል። ወፍጮውን ያያል፣ እኔን ያያል።

የሕፃኗ ነው አልኩት። እንድትፈጭበት አልመኝላትም፤ ጉልበቷን ማርያም ትጠብቅላት፣ ሞተሩም አይቁምባት። ወፍጮው ግን ከቤት አይወጣም። ክፉ ቀን ከመጣ የሚገፋው ቤት ውስጥ ያለ ሰው ነው፣ ወንድም ቢሆን።

መቀመጫ ከፈለግህ ወንዙ እታች ነው ብዬው ገባሁ። እስከ ዛሬ አልወረደም። እንግዳ ሲመጣበት ደጃፉ ላይ ቆሞ ያነጋግራል።