ሟች የሌለበት ለቅሶ

ድንኳን አትትከሉ ብያለሁ። ግን ወጥ ሠሪን ማን ይሰማል? ሸዋአየሁ እባላለሁ። ካዛንቺስ፣ ከፈረሰው ሰፈር ተርፎ በቀረው ጎን፣ የተደፈሩ ሴቶች የሚጠለሉበት ቤት ውስጥ ነው የምሠራው። ቤቱ ምስጢር ነው፤ ታፔላ የለውም፣ ጎረቤት ምን እንደሆነ አያውቅም።

ዳይሬክተራችን መድኃኒት፣ በዕድሜ ልጄ የምትሆን፣ ረጂዎች ሊጎበኙን ነው ሲሏት ሳሎኑ ጠበበኝ ብላ ግቢው ውስጥ ነጭ ድንኳን አስተከለች። ስድሳ ወንበርም ተከራየች ብዬ ልንገራችሁ። ምስጢር ነውና ሙዚቃ የለ፣ ፊኛ የለ፣ ጽሑፍ የለ። እስቲ ንገሩኝ፣ በእኛ ሰፈር ሙዚቃ የሌለው ድንኳን ምንድን ነው?

እኔን ያንገበገበኝ ግን የሜቲ ነገር ነው። ሜቲ ሃያ ሁለት ዓመቷ ነው። የደረሰባትን ለፖሊስ ተናገረች። ፖሊሱ ተቀየረና ለአዲሱ ተናገረች። ለሐኪም፣ ለዐቃቤ ሕግ፣ ለአማካሪ፤ አማካሪዋ የወሊድ ፈቃድ ስትወጣ ደግሞ ለተተኪዋ። ፋይሉ ጠፋ ተባለና እንደገና ከ"ሀ"። ዘጠኝ ጊዜ ቆጥሬያለሁ። ከዘጠነኛው በኋላ በቃ፣ ዝም አለች። ሦስት ሳምንት ሙሉ አንዲት ቃል አልወጣትም። ሐሙስ ፍርድ ቤት ቀርባ ካልመሰከረች ያ ሰውዬ እጁን ኪሱ ከትቶ ወደ ቤቱ ይሄዳል።

ይህን ሁሉ እያወቀች መድኃኒት፣ "እትዬ ሸዋአየሁ፣ ሜቲ ለእንግዶቹ ትንሽ እንድትነግራቸው ያግባቡልኝ። ማለቴ፣ አምስት ደቂቃ ብቻ" አለችኝ።

"አንቺ ንገሪያቸው" ብያት ወደ ድስቴ ሄድኩ።

ዘበኛችን ጋሽ ተካ፣ ማንም ምንም ቢጠይቀው "መናገር አልችልም" እንዲል ታዟል። በጉብኝቱ ዕለት ጠዋት የዕድሩ ሊቀመንበር እትዬ ጦቢያ ድንኳኑን አይተው በር ላይ አገኙት።

"ተካ፣ ምን ደረሰባችሁ?"

"መናገር አልችልም።"

"ማን ነው?"

"መናገር አልችልም፣ እትዬ።"

ደግሞ የዚያን ሰሞን ዓይኑን ታሞ ነበር፤ እንባው ዝም ብሎ ይወርዳል። እትዬ ጦቢያ ከዚያ በላይ አልጠየቁም። ለቅሶ ቤት ሰው አይመረመርም።

አራት ሰዓት ሳይሞላ ዕድርተኛው ነጠላውን አዘቅዝቆ ግቢውን ሞላው። ባለሱቁ ሸምሰዲን ሁለት እሽግ ውኃ ተሸክሞ መጣ። ከሰፈሩ ተነስተው ከተማ ዳር የገቡት ሳይቀሩ በለገሃር በኩል በታክሲ ደረሱ። ንፍሮ መጣ። እኔ ነገሩ ወዲያው ገብቶኛል፤ ግን ንፍሮ ይዞ የመጣን ሰው እንዴት ብዬ ላባርር? "ነፍስ ይማር" ሲሉኝ "አሜን" አልኩ። ምን ላድርግ።

ከዚያ ረጂዎቹ መጡ፤ ሁለት ሴትና አንድ ወንድ። ሰዉ ብድግ ብሎ ቦታ ለቀቀላቸው፣ ንፍሮ አፈሰላቸው። ሰውዬው ንፍሮውን በአንድ እጁ ይዞ በሌላው ሲጽፍ አየሁት። "የማኅበረሰቡ ተሳትፎ እጅግ ከፍተኛ ነው" ብሎ ነው አሉ የጻፈው። መድኃኒት ማይክራፎኗን እንደያዘች ደርቃ ቀረች። እንኳን ደህና መጣችሁ ልትል ነበር፤ ሰው ተክዞ ተቀምጦ ምን ትበል?

በዚህ መሐል ሜቲን ከቤቱ ሠራተኞች አንዷ ጠርታት ወጣች። በረንዳው ላይ ቆማ ያን ሁሉ ሰው ስታይ ፊቷ አመድ መሰለ። ለዚህ ሁሉ ሕዝብ ልናገር ነው ብላ እንደሆነ ገባኝና ድንኳኑን በላያቸው ላይ ልጥለው ምንም አልቀረኝም።

እትዬ ጦቢያ ቀደሙኝ። ሄደው እጇን ያዙና አጠገባቸው አስቀመጧት። ስሟን አልጠየቁም። ምን ሆነሽ ነው አላሉም። ፎርም የላቸው፣ እስክሪብቶ የላቸው። "እግዚአብሔር ያጽናሽ፣ የኔ ልጅ" ብቻ አሏት። ቀጥላ ያለችው ሴትም "ያጽናሽ" አለቻት። ከእሷ ቀጥላ ያለችውም። ሸምሰዲንም "አላህ ሶብሩን ይስጥሽ" አለ። እንዲህ እያለ ወንበሩ ሁሉ ተራ በተራ።

ሜቲ አለቀሰች። እንዲያ ያለ ለቅሶ በዕድሜዬ አልሰማሁም። ሴቱ ሁሉ አብሯት አለቀሰ፤ እኔም አልቀረሁ። ያን ሁሉ ቢሮ ስትገባ ስትወጣ አንድ ሰው እንኳ "ያጽናሽ" ብሏት አያውቅም።

መድኃኒት ወደ እትዬ ጦቢያ ጎንበስ ብላ፣ "እትዬ፣ ይቅርታ፣ ስህተት ተፈጥሮ ነው። እዚህ ቤት የሞተ ሰው የለም" ብላ ሹክ አለቻቸው።

እትዬ ጦቢያ የሜቲን እጅ አልለቀቁም። "ታዲያ ይቺ ልጅ ከመሬት ተነስታ ነው የምታለቅሰው? ተቀመጪ። ያንንም ነገር አጥፊው" አሏት፣ ማይክራፎኑን ማለታቸው ነው። አጥፍታ ተቀመጠች። ንፍሮም ሰጧት።

ሜቲ ለቅሶዋ ሲወጣላት ፊቷን በእትዬ ጦቢያ ነጠላ ጠረገችና ወደ እኔ ዞረች።

"እትዬ ሸዋአየሁ፣ የሐሙሱ ቀጠሮ በስንት ሰዓት ነው?"

በሦስት ሳምንት የመጀመሪያ ቃሏ ነው።

"ሦስት ሰዓት" አልኳት።

እትዬ ጦቢያ የምን ቀጠሮ እንደሆነ አልጠየቁም። "እንግዲያው ሁለት ተኩል ላይ በር ላይ ነን" አሉ።