አማት በቀኝ በኩል

ባለጀልባው ትዳር ከያዘ ሰባት ዓመት ሞልቶታል፤ አማቱን ግን አንድም ቀን ጀልባው ላይ ጭኖ አያውቅም። እሳቸውም ጫነኝ ብለውት አያውቁም። እግዜር ለሰው እግር የሰጠው በምድር እንዲሄድበት ነው ይላሉ፤ ክርክሩም እዚያው ላይ ያልቃል። ልጃቸውን ለመጠየቅ ሲመጡ ሐይቁን በአውቶቡስ ዞረው፣ ግማሽ ቀን ተንገላተው፣ ወገባቸውን ይዘው ይወርዳሉ እንጂ የአማቻቸውን ጀልባ ዞር ብለውም አያዩዋት።

ዘንድሮ ግን በአውቶቡሱ መንገድ ላይ ያለውን ድልድይ ጎርፍ ወሰደው። ሚስቱ ደግሞ የመጀመሪያ ልጇን ልትወልድ ዛሬ ነገ የምትባልበት ሳምንት ላይ ናት። "ያለ እማዬ አልወልድም" አለች፣ በእሷ ፈቃድ የሚቆይ ነገር ይመስል። "ሂድና አምጣልኝ። ሳትይዛት እንዳትመለስ።"

እሺ አለ። ሰውየው ለሁሉም እሺ ባይ ነው፤ ለአማቱማ ጭራሽ ከ"እሺ እማማ" ሌላ ቃል ወጥቶት አያውቅም። ሲያያቸው እጁን ኪሱ ውስጥ ይክተተው ወይስ ያውጣው ግራ ይገባዋል።

አማቱ ልብስ ሰፊ ናቸው። ማዶ ሲደርስ የብረት ስፌት መኪናቸውን አጠገባቸው አቁመው ሲጠብቁት አገኛቸው። "ለሕፃኑ የሚሰፋ አለ" አሉ። መኪናውን ሁለት ጎልማሶች እያቃሰቱ ወደ ጀልባዋ አወረዱት። ሴትየዋ ራሳቸውም ደንደን ያሉ ናቸው፤ ይህን በፊታቸው የሚናገር ደፋር ግን እስካሁን አልተወለደም። በቀኝ በኩል ያለው ወንበር ላይ ዘፍ አሉና መኪናውን ጎናቸው አስደግፈው በክንዳቸው አቀፉት። ጀልባዋ ወዲያው ወደ ቀኝ አዘነበለች።

"አንድ ነገር ልንገርህ" አሉ። "ካስፈራኝ መልሰኝ እልሃለሁ። መልሰኝ ካልኩህ ደግሞ ትመልሰኛለህ።"

"እሺ እማማ።"

እንግዲህ ማንም የጀልባ ሰው በዚህ ጊዜ የሚለው የታወቀ ነው፤ ወደ መሃል ጠጋ ይበሉ። እሱ ራሱ ይህንን በቀን ሃያ ጊዜ ይላል፤ ለዳኛም ብሎታል፣ ለፍየል ነጋዴም ብሎታል፣ ለፍየሎቹም ብሎታል። ዛሬም ሊለው ጀመረ።

"እማማ…"

"ምን?"

"ተመችቶዎታል?"

"ውሃ ላይ ተቀምጬ እንዴት ይመቸኛል?"

ከዚህ በኋላ ከመሪው አጠገብ ወዳሉት ቁልፎች ዞረ። ከጀልባዋ ኋላ፣ ከታች፣ በግራና በቀኝ ሁለት ዝርግ ብረቶች አሉ። ቁልፉን ሲጫኑት ብረቱ ዝቅ ይላል፤ ውሃው ይመታዋል፤ የተመታው ጎን ብድግ ይላል። የቀኙን ተጫነው። ብረቱ እያንቋረረ ወረደ፤ ጀልባዋ ፍጥነት ስትይዝ ቀጥ አለች። ባለጀልባው ደስታውን መደበቅ አቃተው። አንድ ቃል ሳይተነፍስ፣ ማንንም ሳያስቀይም፣ አማቱን በጣቱ አነሳቸው!

ነፋሱ በርትቶ ነበር። ማዕበሉ ከፊት ለፊት ስለሚመጣ ፍጥነቱን ቀነሰ፤ ከኋላ የተንጠለጠለውን ሞተር ወደ ጀልባዋ አጠፈው፤ ሁለቱንም ብረቶች ዝቅ አደረገ፤ የቀኙን ግን የበለጠ። የጀልባዋ አፍንጫ ወረደና ውሃውን እየሰነጠቀች ትሄድ ጀመር። መዝለል የለ፣ መላተም የለ። አማቱ እንኳ የጨፈኑትን ዓይናቸውን ገለጡ።

"ቅድም ያንቋረረው ምንድን ነው?"

"ጀልባዋን ማስተካከያ ነው።"

"ምኗ ተበላሽቶ?"

"ምኗም። እንዲያው ወደ ቀኝ ትንሽ…"

"በቀኝ በኩል ምን አለ?"

በቀኝ በኩል ያለው ሁለት ነገር ብቻ ነው። "መኪናው" አለ ባለጀልባው፣ ላብ በላብ ሆኖ።

መንገዱ እስከ መጨረሻው እንዲህ ቢሆን ኖሮ የሰውየው ይሉኝታ ሳይጋለጥ ይቀር ነበር። ነገር ግን ወደ ሐይቁ የገባ የድንጋይ ጥግ አለ፤ እሱን ሲዞሩት ማዕበሉ ከኋላ ይመጣል። ያኔ ሥራው ሁሉ ይገለበጣል። ብረቶቹ መነሳት አለባቸው፤ ሞተሩ ወደ ውጭ መዘርጋት አለበት፤ አፍንጫዋ ቀና ማለት አለባት። አለዚያ ማዕበሉ ኋላዋን ሲያነሳት አፍንጫዋን ውሃ ውስጥ ትሰካና በጎኗ ትዞራለች። ይህንን ባለጀልባው ከማንም በላይ ያውቃል።

ግን የቀኙ ብረት ከተነሳ ጀልባዋ ታዘነብላለች። ካዘነበለች አማቱ ሐይቁን በክርናቸው ይነካሉ። ከነኩ መልሰኝ ይላሉ። ከመለሳቸው ሚስቱ እናቷን ሳታይ ታምጣለች። ስለዚህ የግራውን አነሳና የቀኙን እንዳለ ተወው። ትንሽ ነው፣ ምንም አይል፣ አለ ለራሱ። እንዲህ ዓይነት ጅል ሥራ የሚሠራ ዕውቀት የጎደለው ሰው አይደለም፤ ጨዋነት የበዛበት ሰው ነው።

የመጀመሪያው ማዕበል ከኋላ አነሳቸው። ጀልባዋ ቁልቁል ተንሸራተተች፤ አፍንጫዋን ውሃ ውስጥ ሰካች፤ የወረደው ብረት ቀኝ ጎኗን ጎተተውና ሽክርክር ብላ ጎኗን ለማዕበል ሰጠች። የገባው ውሃ አማቱን እስከ ጉልበታቸው አራሳቸው። ሁለተኛው ማዕበል ከወደ ኋላ እያበጠ ይመጣል።

"መልሰኝ!" ብለው ጮኹ።

"አልመልስም!" አለ። "ይነሱ! ወደ መሃል! አሁኑኑ! መኪናውንም ይዘው!"

ባላቸው እንኳ፣ ነፍሱን ይማርና፣ እንዲህ ብሎ አዟቸው አያውቅም። ተነሱ። ሁለት ጎልማሶች ያቃሰቱበትን መኪና ብቻቸውን እየጎተቱ መሃል ላይ ቁጭ አሉ። ባለጀልባው ሁለቱንም ብረቶች እስከ ጥጋቸው አነሳ፤ ሞተሩን ወደ ውጭ ዘረጋ፤ መሪውን መልሶ ጋዝ ሰጠ። አፍንጫዋ ከውሃው ተነቀለች። ሁለተኛው ማዕበል ሲደርስ ኋላዋን እንጂ ጎኗን አላገኘም፤ አንስቷት በስሯ አለፈ። ከዚያ በኋላ ባለጀልባው ከፊቱ ያለውን ማዕበል ጀርባ ጀርባውን እየተከተለ ነዳ።

ጀልባዋ ስትረጋጋ ባለጀልባው ወደ አማቱ ዞር አለ።

"ይቅርታ እማማ። ጮህኩብዎት።"

"ከመጀመሪያው መሃል ላይ ነበር መቀመጥ የነበረብኝ?"

"አዎ።"

"ታውቅ ነበር?"

"አዎ።"

"እኔ ወፍራም ጨርቅ ሲመጣልኝ መርፌውን እቀይራለሁ፣ ክሩን አላላለሁ" አሉ። "ደንበኛዬ እንዳይከፋት ብዬ በቀጭን መርፌ አልሰፋም። አንተ ውሃው ተገልብጦ እኔን ታባብላለህ? ከብጄ ነው፤ በል ንገረኝ።"

"መኪናው ነው…"

"ንገረኝ አልኩህ!"

"ከብደው ነው እማማ።"

ሴትየዋ ሳቃቸው አመለጣቸው። እስኪያስነባቸው ሳቁ፤ ባለጀልባው ግን ለመሳቅ ድፍረቱ አልነበረውም።

ሚስቱ ጀልባ ማቆሚያው ላይ ወገቧን ይዛ ትጠብቃቸዋለች። እናትየው ገና ሳይወርዱ "ባልሽ ተቆጣኝ!" ብለው ጮኹ።

"ማን? እሱ?" አለች፣ ሌላ ሰው እንዳለ ጀልባዋን እየቃኘች።

ባለጀልባው ገመዱን አስሮ የማቆሚያው ጣውላ ላይ ቁጭ አለ። አማቱ መጥተው ከጎኑ ተቀመጡ።

"ፈርተህ ነበር?"

"በጣም።"

"ለእኔ ነው ለራስህ?"

"ለእሷ" አለ፣ ሚስቱን በአገጩ እያሳየ። "እናቷን ሳላደርስላት ልቀር ነው ብዬ።"

ሴትየዋ እጁን ያዙት። "ሰባት ዓመት ሙሉ ልጄ ከምን ዓይነት ሰው ጋር እንደምትኖር አላውቅም ነበር" አሉ። "እሺ እሺ ስትለኝ እንዴት ብዬ ልወቅህ? ዛሬ አየሁህ። ደስ ብሎኛል።"

ባለጀልባው እንባው መጣ። ይህን ጊዜ ሚስቱ ድንገት የማቆሚያውን ምሰሶ ጨምድዳ ያዘች።

"ተጫውታችሁ ስትጨርሱ" አለች ጥርሷን ነክሳ፣ "ከጠዋት ጀምሮ ምጥ ይዞኛል።"

እናትየው ብድግ ብለው መጀመሪያ ወደ ልጃቸው፣ ቀጥሎ ወደ ስፌት መኪናቸው፣ እንደገና ወደ ልጃቸው ተሯሯጡ። የሚይዙትን አጡ።

"መኪናውን ይተዉት!" አለ ባለጀልባው እየተነሳ። "በዚያ በኩል ይደግፏት፤ እኔ በዚህ እይዛታለሁ። ቀስ ብለው!"

አማቱ እንደታዘዙት በዚያ በኩል ደገፏት።