አየር ማስወጫዋ ብሎን

ደግሞስ ማን ሆነና፣ ትናንት የአውቶቡስ ሆድ ሥር ተጋድሞ ግራሶ ሲቀባ የኖረ ሰው፣ ዛሬ ኢንጂነር ነጅመዲን ተብሎ ከዶክተር አካሉ እኩል ወንበር ይዞ ስለ ልብ ሊማር፣ ሐኪምና መሐንዲስ አብረው ይሠልጥኑ የሚል መመሪያ ከላይ ሲወርድ አካሉን ማን ጠየቀው፣ ማንም። ስድስት ወር ሙሉ ብረት ሞረደ፣ እሱ፣ የቀዶ ጥገናው አካሉ፣ ያኛው ደግሞ የበግ ልብ እያገላበጠ ይሄ ቫልቭ ከኛ ፓምፕ ይሻላል እያለ ይስቃል፣ ጥርሱ ይርገፍና።

ብርዱ። ከእንጦጦ የሚወርደው ብርድ በመጋዘኑ ቆርቆሮ ሥር ይገባል፣ ስብሰባውን የሚመራው ጓድ ገመዳ ከወረቀት ያነባል፣ ከትናንት በስቲያ ለሙከራ የተከፈተችው በግ የሞተችው በልብ ፋንታ ደም በሚገፋው ፓምፕ ላይ በተሠራ አሻጥር ነው። አሻጥር። አካሉ ያቺ ቃል ሰው እንደምትበላ ያውቃል፣ የዕቃ ግምጃ ቤቱ በዳዳ አምና በሷ ሄዶ ቀረ።

የምን አሻጥር፣ ስህተት ነው፣ የማን፣ ዝም በል አካሉ። ነጅመዲን አየር ለማስወጣት የፓምፑን ቱቦ ብሎን ላላ አደረጋት፣ ፍሬን ውስጥ አየር ሲገባ እንደሚያደርገው፣ ደም ጠብ ጠብ አለ፣ የአካሉ እጅ ደም አይቶ መቼ ያስችለዋል፣ ዘሎ ቱቦውን በመቆንጠጫ ያዘው፣ ዶክተር ይልቀቁት አየሩ ይውጣ፣ ደም ሲፈስ ቆሜ አላይም አንተ፣ ይልቀቁት በአላህ፣ አየሩ በጓ ልብ ገባ፣ ልቧ ሁለቴ ተንፈራገጠና ቀጥ አለ። በክፍሉ ከሁለታቸው ሌላ ሰው አልነበረም።

ነጅመዲን ከተሰብሳቢው ፊት ቆሟል። ብሎኗን ያላላሁት እኔ ነኝ፣ አሠራሩ ነው፣ የቀረውን ዶክተር ያስረዱ ይላል። ያስረዱ! አይከስስም፣ አይለምንም፣ ያከብረዋል፣ የሚያንገበግበው ይሄ ነው፣ ቢሰድበው በስንት ጣዕሙ። የነጅመዲን ሚስት ከይሪያ እርጉዝ ናት፣ በር ላይ ቆማለች፣ አካሉ ሲገባ ጋሼ ይመስክሩለት ብላዋለች፣ ልናገር፣ እኔ ነኝ ልበል፣ ሐኪም ነኝ ይምሩኛል፣ አይምሩኝም፣ ተናገር አንተ ፈሪ። አካሉ እጁን ያወጣል።

ነጅመዲን ለምርመራ ይተላለፍ የምትሉ፣ እያለ ነው ጓድ ገመዳ፣ እጆች እየወጡ ነው፣ ስድስት፣ ሰባት፣ ጓድ ዶክተር፣ ስምንት። ኧረ ለመናገር ነው ያወጣሁት፣ በል እንጂ፣ አፍህን ክፈት፣ ነጅመዲን ያየዋል፣ ዓይኑ ይጥፋና፣ ምን ያፈጥብኛል፣ ተቃውሞ፣ የለም፣ ድምፀ ተዓቅቦ፣ የለም፣ እጅ ማውረድ ይቻላል ይላል ጓድ ገመዳ፣ ሁሉም ያወርዳል፣ አካሉም ያወርዳል።