ከደራ ወዲህ ያለው የድንጋይ ክምር

መቃብር አይደለም። ከመጀመሪያው ጽሑፌ ጀምሮ ያልኩት ይህንኑ ነው። ከአዳማ ወደ አሰላ ሲኬድ፣ ደራ ሳይደረስ፣ ከመንገዱ ገባ ብሎ ከግራሮቹ መሃል ያለው የድንጋይ ክምር የጥንት ነጋዴዎች የመንገድ ምልክት ነው። ስለዚህች አንዲት ነጥብ ከሁለት ዩኒቨርሲቲ ተጣልቼ ወጥቻለሁ። በጉባኤ መሃል ከሰው እጅ ማይክራፎን ነጥቄያለሁ። መጽሐፍም ጽፌባታለሁ። ባለቤቴ ሸዋወርቅ «ሰይፉ፣ አንተ የኖርከው ከእኔ ጋር ነው ከድንጋይ ጋር?» ትለኛለች። ትበል።

ተከራካሪዎቼ የሚመዙብኝ የአካባቢውን ልማድ ነው። በዚያ የሚያልፍ ሁሉ ድንጋይ አንስቶ ክምሩ ላይ ያኖራል፤ ከዚያ በሕይወት እንዳለ ሰው «አካም፣ ነጉማ?» ብሎ ሰላም ይለዋል። ሰው ቢቀበርበት ነው ይላሉ። ይህ ማስረጃ ከሆነ ታሪክ የሚባለውን ትምህርት እንዝጋውና ሁላችንም ወደ ንግድ እንግባ!

ባለፈው ጥር የቀድሞ ተማሪዬና የዛሬ ተከራካሪዬ ቦንቱ ክምሩን የመቆፈር ፈቃድ አገኘች። አንድ አጥንት ከወጣ መጽሐፌ ከማስተማሪያነት ይሰረዛል፤ ስሜም ለተማሪ የስሕተት ምሳሌ ሆኖ ይቀራል። ልሸሽ? መኪናዬን አስነስቼ ሄድኩ።

የሰፈሩ ሽማግሌ ኦቦ ጫምሳ ከግራር ሥር ተቀምጠው ነበር።

«መጡ ዶክተር? ቆዩብን እኮ።»

«ማን ነው የተቀበረበት? እስቲ ስሙን ይንገሩኝ!»

«እኔ ተቀብሮበታል አልኩ? አባቴም አላለም።»

«ታዲያ ሰላምታው ለማን ነው?»

«ለባለቤቱ ነዋ» ብለው ሳቁ።

ሠራተኞቹ ክምሩን አነሡት። ከሥሩ ሰፊ ጠፍጣፋ ድንጋይ ተገኘ፤ እሱም ሲነሣ ከአለት ተጠርቦ የተሠራ ጉድጓድ ታየ። ባዶ! አጥንት የለ፣ ሸክላ የለ፣ ባልጩት እንኳ የለ።

«የታለ ሟቹ?» አልኳት ቦንቱን።

«ቅርጹን ይዩት እንጂ ዶክተር። ለሰው ተብሎ የተጠረበ ነው።»

«ለየትኛው ሰው? ለፍየል እንኳ አይበቃም!»

«ሜትር ላምጣና…»

«ምን ሜትር አስፈለገ! እኔው እለካዋለሁ።»

አለቱን እንዳልቧጥጥ ጫማዬን አውልቄ ወረድኩ። እግሬ እንደማይዘረጋ ላሳያት በጀርባዬ ተጋደምኩ። እግሬ ተዘረጋ። ማጅራቴ ለእሱ ተብሎ የተጠረበ የሚመስል ጎድጓዳ ቦታ አገኘ። በልጅነቴ ከዛፍ ወድቄ ቀኝ ትከሻዬ እንደዘመመ ቀርቷል፤ አለቱም በዚያ በኩል ብቻ ዝቅ ብሎ ተጠርቧል። ከሥሬ የሶደሬን ፍልውኃ የመሰለ ሙቀት ቀስ ብሎ ይወጣል። አጋጣሚ ነው አልኩ ለራሴ። ሳይንስ በአጋጣሚ አይደነግጥም።

ቦንቱ አፋፉ ላይ አጎነበሰች። ዓይኗ ፊቴ ላይ አረፈ፤ ከዚያ በእኔ ውስጥ አልፎ ወደ አለቱ ሄደ። ግራ ቀኝ አየች።

«ኦቦ ጫምሳ፣ ዶክተር ወዴት ሄዱ?»

ሽማግሌው ጎንበስ ብለው ከመሬት አንድ ድንጋይ አነሡ።

«ተናደው ሄደው ይሆናል፤ አመላቸው ነው» አለች። ልጮህ አፌን ስከፍት ቀጠለች፦ «ግን እኮ እውነታቸውን ነው…»

ከእሷ አፍ ይህን የምሰማበትን ቀን ስጠብቅ ነው የሸበትኩት። ትጨርስ ብዬ ዝም አልኩ።

«…ባዶ ነው። መቃብር ነው ብዬ መጻፍ አልችልም። በሉ፣ ከብት እንዳይገባበት ክደኑት።»

ሠራተኞቹ ጠፍጣፋውን ድንጋይ ገፉት። ጥላው ከእግሬ ተነሥቶ ወደ ደረቴ መጣ። «ቆዩ፣ ሰው አለበት!» ማለት ብቻ ነበር የሚጠበቅብኝ። ቃሉ ምላሴ ላይ ደረሰ። ሰው አለበት ካልኩ ግን ቦንቱ ምን ብላ ልትጽፍ ነው?

ድንጋዩ አገጬ ላይ እስኪደርስ ድረስ መልሱን ሳስብ ነበር።