ያልቀጠነው ውሃ

የዙሀራን ሻይ የቀመሰ ሰው «ቀጥኗል» ብሎ አያውቅም። ዓለም ባንክ ሰፈር፣ ፌርማታው አጠገብ ባለችው ጠባብ ቤቷ ስድስት ዓመት ሻይ ስትሸጥ፣ ለሰው ቀጭን ነገር መስጠት ለእሷ ከስድብ አይተናነስም። ደግነቷ በማንኪያ አይለካም፤ ጉድ ያፈላባትም ይኸው ደግነቷ ነው።

የሁለት ዓመት ልጇን ሲሃምን ከትናንት ጀምሮ ያስቀምጣታል። ጠዋት ጤና ጣቢያ ስትወስዳት በውሃ ተበጥብጦ ለተቅማጥ የሚጠጣውን ኦአርኤስ ሁለት ፓኬት ሰጧት፤ «አንዱን በአንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ» አሏት። ዙሀራ ግን ያቺ ቁንጥር ዱቄት ለአንድ ሊትር አነሰችባት። ቤቷ ገብታ ሁለቱንም ፓኬት ግማሽ ሊትር ሃይላንድ ውስጥ ገለበጠችው። ለልጅ ይሰሰታል እንዴ!

ምሳ ሰዓት ላይ ሃይላንዱ ተጋመሰ፣ ሲሃም ግን ጭራሽ ባሰባት። ምላሷ ደርቋል፤ ስታለቅስ እንባ የላትም፤ ኩባያውን ነጥቃ ትጠጣና እንደገና «ውሃ» ትላለች። ከጠዋት ጀምሮ ሽንት የሚባል አልወጣትም። ዙሀራ ልጇ ልትሞትባት መሆኑ ታወቃትና ጮኸች።

ጩኸቱን ሰምተው ጎረቤቷ እትዬ ጽጌማርያም ነጠላቸውን ሳያጣፉ መጡ። ሠላሳ ዓመት ባዮሎጂ ያስተማሩ ሴት ናቸው። ከሃይላንዱ ጠብታ ቀመሱና ፊታቸው ተለወጠ።

«ስንት ፓኬት ነው?»

«ሁለቱንም፣ እትዬ። እንዲጠነክርላት ብዬ...»

«አንቺ ልጅ! ቋንጣ ስትሠሪ ጨው ሥጋውን ምን ያደርገዋል?»

«ውሃውን ያወጣዋል።»

«የሰው ገላም ያው ነው። እያንዳንዷ ሕዋስ ስስ ሽፋን አላት፤ ውሃ ያን ሽፋን አልፎ ጨው ወደበዛበት ይሄዳል። በልኩ ብትበጠብጪው ጨውና ስኳሩ አብረው ገብተው ውሃውን ያስገቡላት ነበር። አሁን ግን ጨው ደሟ ውስጥ በዝቶ፣ ከየሕዋሷ ውሃ እየጎተተ ነው።»

ዙሀራ ገመድ ላይ የተሰጣ ቋንጣ ታያት። ልጇን በገዛ እጇ እያደረቀቻት ነበር። የውሃ ጆጉን አነሳች።

«ተይ! በአንዴ ካጠጣሻት ደግሞ ሕዋሶቿ ውሃ ጠጥተው ያብጣሉ። ተነሺ፣ ጤና ጣቢያ!»

ፌርማታው ላይ የሚሠራው የቦሩ ባጃጅ በሐምሌ ጭቃ ውስጥ እየተንሸራተተች ወሰደቻቸው። ዙሀራ መንገዱን ሙሉ የሲሃምን ከንፈር እያየች ዱዓ አደረገች። ሐኪሙ እትዬ ይዘው የመጡትን ሃይላንድ አይቶ ራሱን ነቀነቀ። ልጅቱን መረመረ፣ ደሟን አስወሰደ፣ አዲስ ኦአርኤስ በልኩ አስበጠበጠና «በየደቂቃው አንድ ማንኪያ። ከዚያ አንዲት ጠብታ እንዳታልፊ» አላት።

ምነው ሌላ ነገር ባዘዛት! ሲሃም በማንኪያው ላይ አፏን ከፍታ ትጮኻለች፣ እትዬ ጽጌማርያም ሰዓታቸውን ያያሉ፣ ዙሀራ አንድ ትሰጥና ትጠብቃለች። ልጅ እየለመነ መንፈግ ምን እንደሆነ ያን ቀን አወቀችው። እንዲህ ሆኖ ሁለት ሰዓት አለፈ።

ከዚያ ዙሀራ ልጇን ባቀፈችበት ጭኗ ላይ ሙቀት ተሰማት። ሌላ ቀን ቢሆን ስለ ቀሚሷ ትቆጣ ነበር።

«እትዬ፣ ሸናችብኝ! ሸናችብኝ እኮ!»

ተራ ጠባቂው ሁሉ ዞረ። ዙሀራ እያለቀሰች የራሰውን ቀሚሷን በእጇ ጨበጠችው። ደቂቃው ሲሞላ ማንኪያውን ቀዳች፣ ከጠርዙ ከፍ ያለችውን ጠብታ ወደ ኩባያው መለሰችና ለልጇ ሰጠቻት።