ሙናን የጣለች ጫጩት

ሙና ቼክ አገር ድረስ ሄዳ፣ ዩኒቨርሲቲ ገብታ፣ በመጨረሻ ማን ቢጥላት ጥሩ ነው? ጫጩት! እውነተኛ ጫጩት ብትሆን እንኳን አንድ ነገር ነው፤ የጣላት የጫጩት ስም ነው።

የቼክኛ ጣጣው ይሄ ነው፤ አንድ ስም እንደ አነጋገሩ ጭራውን ሰባት ጊዜ ይቀያይራል። ሲበዛ ደግሞ ሌላ ሰባት። ሙና አመቱን ሙሉ የተማረችው ይሄንኑ ነው። ሰኔ ላይ፣ በቃል ፈተናው፣ መምህርቷ «እስቲ ጫጩትን ከነጭራዎቿ በይልኝ» ስትላት አፏ ተለጎመ። በቃ፣ ወደቀች። የቀረቻት አንዲት ድጋሚ ፈተና ናት፤ ነሐሴ መጨረሻ፣ በቪዲዮ። እሷንም ከወደቀች ትምህርቱም ነፃ የትምህርት ዕድሉም አበቃ፤ ሻንጣዋን ለመሰብሰብ እንኳን አይመልሷትም።

ክረምቱን ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ ሰፈር፣ አባቷ ቤት ብርድ ልብስ ተከናንባ ስልኳ ላይ አፍጥጣ ከረመች። ታላቅ ወንድሟ በሺር የኮምቦልቻ ሚኒባስ ረዳት ነው፤ ትምህርቱን ሰባተኛ ክፍል ላይ አቋርጧል፣ ወሬ ግን አቋርጦ አያውቅም።

«ስሚ እንጂ» ይላታል በገባ በወጣ ቁጥር፣ «ስሙን ሰባት ጊዜ የሚቀያይር ሰው እኛ ጋ ፖሊስ ነው የሚፈልገው።»

«ውጣልኝ በሺር!»

«ወላሂ እውነቴን ነው! ሌባ ነው እያጠናሽ ያለሽው።»

ትራሱን ወረወረችበት። እሱ እየሳቀ ሲወጣ እሷ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። እንባዋ መጣ።

አባታቸው ሸኽ አብዱልወሀብ በሩ ላይ ቆመው ኖሯል። እኚህ ሰው ዕድሜያቸውን ሙሉ ኩታበር ላይ ለደረሳ፣ ለሃይማኖት ተማሪው ማለት ነው፣ የአረብኛ ሰዋስው ሲያቀሩ፣ ሲያስተምሩ የኖሩ ናቸው። ቼክኛ የሚባል ነገር መኖሩን የሰሙት ግን ከልጃቸው ነው።

«ልጄ፣ አሞሻል?»

«እያጠናሁ ነው አባ።»

«ይሄ ጥናት ነው? እኔ ለቅሶ የተቀመጥሽ መስሎኝ! ድምፅሽ የታለ? ወገብሽ የታለ?»

«የምን ወገብ?»

«በልጅነትሽ ከደረሶቹ መሀል ተቀምጠሽ ስትቀሪ እየተወዛወዝሽ፣ እየጮህሽ አልነበረም? ያኔ የገባሽ ዛሬም አልወጣ!»

እውነታቸውን ነው። እዛም አገር ስታጠና ሰውነቷ ተወዛወዢ ተወዛወዢ ይላታል፤ ሰው እንዳያያት ብላ ራሷን እንደ ምሰሶ ቀጥ ታደርጋለች። ፈተናውም ላይ ቀጥ እንዳለች ነው ያ ሁሉ ነገር ከጭንቅላቷ ብን ያለው።

«አባ፣ ፈረንጅ ፊት እንደዛ መሆን ያሳፍራል።»

«ካፈሩ እነሱ ይፈሩ! በይ ተነሺ።»

ተነሳች። መጀመሪያ እያፈረች፣ ቀስ ብላ። ከዛ ዜማው ራሱ ይዟት ሄደ፤ ጫጩት በቼክኛ ኩርዤ ናት። «ኩርዤ! ኩርዤቴ! ኩርዤቲ!» ነሐሴ ሳያልቅ ጎረቤቱ ሁሉ ኩርዤ የሚባል ዘመድ የመጣባቸው መሰለው።

የፈተናው ቀን ጠዋት ደሴ መብራት ጠፋ፤ ኢንተርኔቱም አብሮት ሄደ። በሺር «ኮምቦልቻ መብራት አለ» ብሎ እህቱን ጎትቶ ሚኒባሱ ጋቢና አስቀመጣትና ገና ሳይሞላ ሾፌሩን «ሳብ በለው!» አለ። ሚኒባሱ የሐረጎን ቁልቁለት ሲጀምር ሙና በሆዷ ስታነበንበው የነበረውን ኩርዤ በአፏ ለቀቀችው።

«ይቺ ልጅ ምን ሆና ነው?» አሉ ከኋላ አንዲት ሽንኩርት የጫኑ እናት።

«ምንም አልሆነች እማማ፣ ጫጩት እያረባች ነው» አለ በሺር።

ሴትዮዋ ትንሽ አዳመጡና፣ ዱዓ መስሏቸው ነው መሰለኝ፣ ትንፋሽ ለመውሰድ ባረፈች ቁጥር «አሚን!» ይሉ ጀመር። ኮምቦልቻ ሲደርሱ ተሳፋሪው በሙሉ አሚን ባይ ሆኗል።

እዚያ የምትኖረው አክስታቸው ጣይባ መኝታ ቤቷን ለቀቀችላት። ደንቡ ጥብቅ ነው፤ ክፍሉ ውስጥ የሌላ ሰው ድምፅ ከተሰማ ፈተናው ይሰረዛል። በሺር ከበሩ ውጭ ቆሞ ሻርፑን አፉ ውስጥ ወተፈው፤ ራሱን ያውቀዋላ!

መምህርቷ ስልኩ ላይ ብቅ አለች፤ መነፅር ያደረገች፣ ሳቅ የማታውቅ የምትመስል አሮጊት ናት። ሙና ከልማዷ ቀጥ ብላ ተቀመጠች። የመጀመሪያዋን ቃል ጀመረችና ሶስተኛው ጭራ ላይ ጭንቅላቷ ጨለመባት። ልክ እንደ ሰኔው።

«ከፈለግሽ እዚህ ላይ እናቁም» አለች መምህርቷ።

«አናቆምም!» አለች ሙና። ዓይኗን ጨፈነች። መወዛወዝ ጀመረች።

«ሙና፣ የሚንቀጠቀጠው ኔትወርኩ ነው አንቺ ነሽ?»

«እኔ ነኝ መምህርት። እኔ ጋ የሚወጣው እንደዚህ ነው።»

«ዓይንሽስ?»

«የማነብ እንዳይመስልዎት ነው።»

መምህርቷ ወደ ስክሪኑ ቀረብ አለች። «እንግዲያው የሰኔዋን ጫጩት አምጪልኝ።»

ሙና ለቀቀችው! «ኩርዤ፣ ኩርዤቴ፣ ኩርዤቲ…» እያለች አንዷን ጫጩት ከዳር ዳር አደረሰቻት። ሳትጠየቅ ወደ ብዙዎቹ ተሻገረች፤ «ኩርዣታ፣ ኩርዣት፣ ኩርዣቱም…» አልጋው ይንጫጫል፣ የጣይባ ጣሳ ከመደርደሪያው ወደቀ፣ ማን አስታወሰው! መምህርቷ ሌላ ቃል ወረወረች፤ በአየር ላይ ቀለበችው። ሌላ፤ ያንንም። ቃሉ ሲያልቅባት ሙና ዓይኗን ገለጠች። ስልኩ ውስጥ የሴትዮዋም ጭንቅላት ከፍ ዝቅ፣ ከፍ ዝቅ ይላል፤ መነፅሯ አፍንጫዋ ጫፍ ደርሷል።

«ቪቦርኜ» አለች መምህርቷ፣ መነፅሯን እየመለሰች። በነሱ ዩኒቨርሲቲ ከዚህ በላይ ውጤት የለም።

ሙና በሩን በረገደችው። ጆሮውን ለጥፎ የነበረው በሺር ከነሻርፑ ተዘርግፎ ገባ።

«አለፍሽ?»

«ከላይ ነው እንጂ ያለፍኩት!»

እሱ መንገድ ላይ ወጥቶ ላገኘው ባጃጅ ሁሉ ሲያወራ፣ እሷ ደሴ ደወለች።

«አባ፣ ሰባቱንም! የብዙውንም ሰባት!»

ስልኩ ውስጥ ለተወሰነ ጊዜ ዱዓ ብቻ ተሰማ። ከዛ ሸኽ አብዱልወሀብ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። አንቺ ማለቱን ትተው፣ ለታላላቅ ዑለማ፣ ለሃይማኖት ሊቃውንቱ፣ በሚናገሩበት ድምፅ፦

«እንግዲህ ሸኽ ሙና» አሉ፣ «እኛንስ መቼ ነው የሚያቀሩን?»