የጎደለው ደብተር

አዋላጇ እናት ካረፉ በኋላ ኑዛዜያቸው ሲከፈት፣ አስፈጻሚ ተደርገው የተሰየሙት ሁለቱ ልጆቻቸው ነበሩ፤ አናጢው ታላቅ ወንድምና አስተማሪዋ ታናሽ እህቱ። ዕቃውን ያለ ኮሽታ ተካፈሉ። ጠቡ የመጣው እናት ያዋለዱትን ሁሉ በመዘገቡባቸው አሥራ አንድ ደብተሮች ነው። እህት ስትቆጥር አሥር ሆኑባት።

«ጋሼ፣ አንዱ አንተ ጋ ነው አይደል?»

«እኔ ምን አውቄ!»

ሦስት ሳምንት ተኳረፉ። በመጨረሻ «ፍርድ ቤት እንዳታስኬደኝ» የሚል መልእክት ላከችበት። ደሙ ፈላ፤ ግን ከንዴቱ ፍርሃቱ ይብስ ነበር። ደብተሩ በሥራ ቦታው መሳቢያ ውስጥ፣ ከሚስማሮቹ ሥር ነው። በእሱ የልደት ቀን ላይ እናት እንዲህ ጽፈዋል፦ «ወንድ ልጅ። እናቱ አልተረፈችም። የሚወስደው ዘመድ ስላልተገኘ እኔው ወሰድኩት።»

እዚያው ላይ ነበር ደብተሩን የዘጋው። እህቱ ይህን ካወቀች ከእንግዲህ «ጋሼ» የምትለው አልመሰለውም።

በማግስቱ በምሳ ሰዓት ወደ ሥራ ቦታው መጣች። መሸሽ ሰለቸውና ደብተሩን አውጥቶ ሰጋቱራው ላይ ወረወረው።

«በይ አንብቢው!»

አልነካችውም። ያላለቀ ወንበር ላይ ተቀመጠች።

«አሥራ አራት ዓመቴ ላይ ሰርቄ አንብቤዋለሁ። እማዬ ይዛኝ፣ ትንፍሽ እንዳልል አስማለችኝ።»

«ሠላሳ ዓመት ሙሉ?»

«ሠላሳ ዓመት ሙሉ ጋሼ ስልህ አልነበር እንዴ?»

ደብተሩን ከሰጋቱራው ላይ አነሳው። «ታዲያ ለምን እንዲህ ወጥረሽ ያዝሽኝ?»

«እንዳታቃጥለው ብዬ ነዋ! የገጹን ጀርባ ገልጠህ አይተሃል?»

አልገለጠውም ነበር። አሁን ገለጠው። «አክስቱ ከዓመት በኋላ ፈልጋው መጣች። ልቤ እንቢ ብሎኝ ደበቅኩት። እግዜር ይቅር ይበለኝ» ይላል፤ ከሥሩ የአክስቱ ስምና አድራሻ።

አናጢው እጁን ፊቱ ላይ አድርጎ «አይ እማዬ!» አለ። የተቆጣ ይሁን ያዘነላቸው ለራሱም አልለየለትም።

ቅዳሜ አብረው ሄዱ። ሰፈሩ ተለዋውጧል፤ አራት ደጅ ጠይቀው አምስተኛውን አንኳኩ። በሩን የከፈቱት አሮጊት ጥቅጥቅ ያለ ቅንድብ አላቸው፤ ልክ የእሱን የመሰለ።

«ወንድሜን ይዤልዎት መጣሁ» አለች እህቱ ቀድማ።